ጫማ የሚያስወልቅ ካቶሊክ

«ካቶሊክ ነው አልኩሽ እኮ እማዬ! ምን ሆነሽ ነው የማታምኚኝ?»

«ካቶሊክ ከሆነ ጫማዬን ለምን አስወለቁኝ? አግዳሚውስ የት ሄደ? አጋሮ ተቀምጠን አልነበር እንዴ የምናስቀድሰው?»

ሊዮል ሳቁን ዋጠ። ከአጋሮ ወጥተው በቾ ቦሬ የሚባል ሰፈር ከገቡ ሦስት ወራቸው ነው። የእናቱን የብርሃንነሽን ዓይን ሞራ ጋርዶታል፤ ሰኞ ሊገፈፍላት ቀጠሮ ይዛለች። ቢላ ሳይነካት መናዘዝ ነበር ጭንቀቷ። «ቁምስናችንን፣ ካቶሊክ ቤተክርስቲያኑን ፈልግልኝ» ባለችው ቁጥር «ጠየቅኩ፣ የለም» ይላታል እንጂ አንድ ሰው ጠይቆ አያውቅም። እሑድ ኳስ አለ፣ እንቅልፍም አለ። ዛሬ ስትነዘንዘው ጊዜ ባጃጅ ላይ ጫናትና እዚሁ ሰፈር ያለው ኦርቶዶክስ ቤተክርስቲያን አስገባት። አታይ፣ ምን ታውቃለች ብሎ።

ተመልሰው ከባጃጁ ሲወርዱ ጎረቤታቸው ሲሃም ሱቋ በር ላይ ሆና ስትሰማ አላስቻላትም።

«ኤሬ፣ አታፍርም? ወላሂ፣ ቁምስናውን እኔ ሙስሊሟ አውቀዋለሁ! በባጃጅ አስር ደቂቃ ነው። ከትናንት ወዲያ እናትህን እኔ ነኝ አባ ጋ ያደረስኳቸው።»

ሊዮል ክው ብሎ ወደ እናቱ ዞረ። «ታዲያ ካገኘሽው ዛሬ ምን አድርግ ብለሽ ነው የነዘነዝሽኝ?»

«ትወስደኝ እንደሆነ ልይህ ብዬ።»

«ተናዘዝሽ?»

«ተናዘዝኩ።»

በቀልድ ሊያልፋት ሞከረ። «አንቺ ደግሞ ምን ኃጢአት አለሽና! ምን ብለሽ ተናዘዝሽ?»

«ልጄን ጠልቼዋለሁ ብዬ።»