ሁለት ሰው የሆነችው ሲስተር

"ይኸው! አሁንም እምቢ አለ" አሉ የክሊኒኩ ካርድ ክፍል ሽማግሌ። ፕሮግራመሯ ከጀርባቸው ቆማ ስክሪኑን አየች። በቀይ የተጻፈው "ይህ መታወቂያ ቁጥር ቀድሞ ተመዝግቧል" ይላል። ከመስኮቱ ማዶ ሰልፉ እስከ ውጭው በር ደርሷል።

ሊመዘግቧት የሚታገሉት ሴት ባዕድ አይደለችም፤ የመርፌ ክፍሏ ሲስተር ናት። አስራ ስምንት ዓመት ሌላውን ስታስታምም ኖራ፣ ዛሬ ጠዋት እግሯ አባብጦ፣ ትኩሳቱ እንደ እሳት እየፈጃት፣ ባልደረቦቿ ደግፈው አስገቧት።

"በሠራተኛነት ስለተመዘገበች ነው ጋሼ። ትንሽ ይታገሱኝ፣ አየዋለሁ።"

"ምን መታገስ ያስፈልጋል? እኔ እንደሁ መላውን አግኝቼለታለሁ።" ከመታወቂያ ቁጥሯ መጨረሻ ላይ አንዲት ዜሮ ጨመሩና "አስቀምጥ" የሚለውን ተጫኑት። አረንጓዴ ምልክት ብልጭ አለ። "አየሽ? ብልሃት ከጉልበት ይበልጣል።"

ሳቋ ሊያመልጣት ነበር። ግን የተከፈተው ገጽ ላይ ዓይኗ አረፈና ሳቁ እዚያው ደረቀ። "አለርጂ፦ የለም" ይላል።

ፕሮግራሙን የጻፈችው ራሷ ናት። "ሰው" የሚባል ሰንጠረዥ አለ፤ ስምና መታወቂያ ቁጥር እዚያ ይቀመጣል። "ሠራተኛ" እና "ታካሚ" የሚባሉት ደግሞ እንደ ሁለት ልጆች ከእሱ ይወርሳሉ። አለርጂውን ከባለቤቱ ጋር የሚያስተሳስረው ፎሪን ኪ የሚሉት ማሰሪያ ነው። ስትነድፈው እንዴት አምሮላት ነበር! የመመዝገቢያ ቅጹ ግን ያለውን ሰው ፈልጎ በማምጣት ፈንታ፣ ታካሚ በመጣ ቁጥር አዲስ ሰው ይፈጥራል፤ ያልተሞላውንም አለርጂ "የለም" ይለዋል። እንግዲህ ሲስተር አሁን ሁለት ሆናለች፤ አንዷ ሠራተኛ፣ አንዷ ታካሚ።

የሠራተኛዋን ገጽ ከፈተች። "አለርጂ፦ ፔኒሲሊን።"

"ጋሼ፣ የት ነው ያስተኟት?"

"ሦስት ቁጥር። ምነው፣ ምን ሆንሽ?"

ሮጣ ወጣች። ሰልፈኛው "ቀስ በይ እንጂ!" እያለ ግራና ቀኝ ተከፈለላት።

ሦስት ቁጥር ውስጥ፣ ክሊኒኩን ከተቀላቀለ ሁለት ሳምንት ያልሞላው ሐኪም መርፌውን አዘጋጅቶ የሲስተርን ክንድ በጥጥ እየጠረገ ነው።

"ቆይ! ምንድን ነው የምትሰጣት?"

"ፔኒሲሊን። ምነው?"

"አይስማማትም!"

"መዝገቡ አሁን ደረሰኝ፤ አለርጂ የለባትም ይላል እኮ። እሷንም ጠይቄያት ነበር፤ በትኩሳቱ ትቃዣለች።"

"መዝገቡ ዋሽቶሃል። የሠራሁት እኔ ነኝ፣ አውቀዋለሁ።"

ሐኪሙ ፊቱ አመድ መሰለ። መርፌውን ቀስ ብሎ ትሪው ላይ አኖረው። ሲስተር ዓይኗን በከፊል ገልጣ ፕሮግራመሯን አየቻትና "ተራሽ አልደረሰም የኔ እመቤት፤ ውጭ ሆነሽ ጠብቂ" አለቻት።

 ፕሮግራመሯ ወደ ካርድ ክፍል ስትመለስ ሽማግሌው ቆመው ይጠብቋታል።

"ጋሼ፣ ይቺን ዜሮ ከዚህ በፊትም ጨምረው ያውቃሉ?"

"ምነው ሳልጨምር! ዘበኛው ሲታመም፣ ጽዳቷ ስትወልድ... ሠራተኛ ሲታመም ያለ እሷ መች ይገባልኛል?"

"ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?"

ሽማግሌው ቅር አላቸው። "ነግሬሽ ነበር እኮ ልጄ። ወር አልፎታል። 'በኢሜይል ይላኩልኝ' አልሽኝ። እኔ ደግሞ ኢሜይሉን አልችልበት።"

እውነታቸውን ነው። ያን ቀን የሙዚቃ ማዳመጫዋን ከአንድ ጆሮዋ ብቻ አንስታ እንደመለሰችላቸው ትዝ አላትና አንገቷን ደፋች።

ምዝገባው ለጊዜው በወረቀት እንዲሆን አስደርጋ ቁጭ አለች። ቅጹ መጀመሪያ መታወቂያ ቁጥር እንዲጠይቅ፣ ሰውየው ካለ ታካሚነቱን እዚያው እሱ ላይ እንዲጨምርለት አደረገችው። ለሁለት የተከፈሉትን ፈልጋ አስራ ዘጠኝ አገኘች። ሽማግሌው የድሮውን የወረቀት ካርድ ከመደርደሪያ እያወጡ አነበቡላት፤ አንዳንዱን ካርዱን ሳይገልጡ ያውቁታል።

"ዘበኛው አስም አለበት፤ ጻፊ። አይ፣ እሱ አይደለም፣ የማታው ነው!"

ከሰዓት በኋላ ሲስተር በሌላ መድኃኒት ትኩሳቷ በረድ ማለቱ ተሰማ። ፕሮግራመሯ እፎይ ሳትል ዳይሬክተሩ አስጠራት። ጠረጴዛው ላይ ያለው ኮምፒውተር የአደጋ ሪፖርት ቅጽ ተከፍቶበታል።

"ተቀመጪና ሙዪው" አላት። "የስህተቱ ምክንያት የሚለው ላይ 'የመዝጋቢ ስህተት' የሚለውን ምረጪ። የሌለ ቁጥር ያስገቡት እሳቸው ናቸው አይደል?"

"ዜሮዋን የጨመሩትስ እሳቸው ናቸው።"

"በቃ! ጡረታ ሊወጡ ሁለት ወር ነው የቀራቸው፤ ማን ምን ያደርጋቸዋል? ያንቺ ውል ግን በሚቀጥለው ሳምንት ቦርድ ፊት ይቀርባል። ላንቺው ብዬ ነው።"

ክፋት የለውም፤ ከልቡ አዝኖላት ነው። እሷም ሥራዋን ትወደዋለች፣ የቤት ኪራዩም፣ የእናቷም ወጪ በእሷ ላይ ነው። የማውሱን ቀስት "የመዝጋቢ ስህተት" ላይ አሳርፋ ጥቂት ቆየች።

ከዚያ አንድ መስመር ወደ ታች ወርዳ "የፕሮግራም ስህተት" የሚለውን መረጠች። ማብራሪያው ላይ እንዲህ ብላ ጻፈች፦ "የካርድ ክፍሉ ሠራተኛ ችግሩን ከወር በፊት ነግረውኝ ነበር። አልሰማኋቸውም።"

ዳይሬክተሩ ጉሮሮውን ጠረገ። "እስቲ ደግመሽ አስቢበት" ሊላት አፉን ሲከፍት፣ ስሟን እስከነአባቷ ጽፋ ላከችው።