አልወርድ ያለው መርፌ

መርፌው ሦስት ጊዜ ወጥቶ ሦስት ጊዜ ዜሮ ላይ ካልተኛ የምርምር ክፍሉ ይዘጋል። ከዋናው መሥሪያ ቤት የመጣችው ገምጋሚ ይህን የተናገረችው ገና ወንበር ሳትይዝ ነው።

ቴክኒሻኗ ጓንቷን አጠለቀች። አለቃዋ ጋሼ ስድስት ዓመት የደከሙበት ፈሳሽ ብልቃጡ ውስጥ ተቀምጧል። ሲያዩት ተራ ውሃ ይመስላል፤ ኤሌክትሪክም አያሳልፍም። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲነፉበት ግን ወፈር ይልና ፈሳሽ ጨው ይሆናል፤ ኤሌክትሪክ ያሳልፋል፤ የመለኪያው መርፌም ይወጣል። ናይትሮጅን ሲነፉበት ደግሞ የገባው ጋዝ ተጠራርጎ ይወጣና ወደ ቀድሞ ጠባዩ ይመለሳል። እንደ መብራት ይበራል፣ ይጠፋል።

የመጀመሪያው ዙር አማረ። መርፌው ወጣ፣ ወረደ። ዜሮ ጋ ሊደርስ ሲል ግን ትንሽ አቅማማ። ያንን ያየችው ቴክኒሻኗ ብቻ ናት።

በሁለተኛው ዙር ወጣና መንገድ ላይ ቀረ። ናይትሮጅኑ እየተንደቀደቀ አምስት ደቂቃ አለፈ፤ መርፌው ወይ ፍንክች። ከብልቃጡ ሥር ዱቄት የመሰለ ነጭ ዝቃጭ ተኝቷል።

ጋሼ ቧንቧውን ነካኩ፤ ሲሊንደሩን ዳሰሱ። አንገታቸው ላይ ላብ ችፍ አለ።

«ጥፋቱ የእኔ ነው» አሉ ለገምጋሚዋ። «ጋዙን በደንብ አላደረቅሁትም መሰለኝ፤ እርጥበት ሲገባው እንዲህ ይዘቅጣል።»

ገምጋሚዋ እስክሪብቶዋን ከፈተች።

ቴክኒሻኗ ግን ታውቃለች። ትናንት እሷ ቤት የረሳችውን ቁልፍ እናቷ ልታቀብላት መጥታ፣ ብልቃጡን አየት አድርጋ፣ «ቀኑን ሙሉ ይቺ ላይ ስታፈጥጪ ነው የምትውይው?» ብላት ነበር። እሷም እልህ ያዛትና በቀጭኑ ቧንቧ በአፏ እፍ አለችበት። ትንፋሽም ውስጥ ካርቦን ዳይኦክሳይድ አለና መርፌው ንቅንቅ አለ። እናቷ ሳቀች። «በይ ተይው፣ ጉንፋን ታስይዥዋለሽ።» ደግማ ነፋች። ትንፋሽ ውስጥ እርጥበትም እንዳለ፣ ይህ ፈሳሽ ደግሞ ከእርጥበት ጋር ዓይንና ናጫ እንደሆነ ከእሷ በላይ የሚያውቅ አልነበረም። ለእናቷ ሳቅ ስትል ዘነጋችው።

«ጋሼ፣ እርስዎ አይደሉም» አለች። «ትናንት በአፌ ነፍቼበታለሁ።»

እስክሪብቶው ቆመ።

«ስንት ጊዜ?» አሉ ጋሼ።

«አራት… አምስት።»

«ለምን ብለሽ?»

«እማዬ ሥራዬን እንድታይልኝ።»

ጋሼ አላዩዋትም። መሳቢያ ከፍተው አፏ የታሸገ ትንሽ ጠርሙስ አወጡ። ውስጧ ያለችው ጠብታ የመለኪያውን ኤሌክትሮዶች ብትሸፍን ነው።

«ይህ ሳይነካ የቀረ ነው። ሌላ የለንም።»

«ከመጀመሪያው ይቆጠራል» አለች ገምጋሚዋ። «ሦስቱም ከዚህ።»

ጋሼ ጠርሙሷን ለቴክኒሻኗ ዘረጉላት።

«አንቺ ቅጂው። የእኔ እጅ ዛሬ አይታመንም።»

ትንፋሿን ዋጥ አድርጋ ንጹሕ፣ ደረቅ ብልቃጥ ውስጥ ቀዳች፤ አንዲት ጠብታ አልባከነችም። መርፌው ወጣ፣ ወረደ። ወጣ፣ ወረደ። በሦስተኛው ዜሮ አፍ ላይ ሲደርስ ቀስ አለ፤ ሦስቱም ሰዎች ወደ መለኪያው ሰገግ አሉ።

ተኛ።

ገምጋሚዋ አንድ መስመር ጽፋ ፈረመች። ጋሼ ወንበራቸው ላይ ዘጭ ብለው፣ ከስንት ጊዜ በኋላ ቀና ብለው አዩዋት።

«ከዛሬ ጀምሮ» አሉ፣ «እፍ የምትይው ሻይሽን ብቻ ነው።»