ራልፍ ትል ሊቆፍር ወረደ

በዚያን ጊዜ ኒውቢጊን በምትባለው የእንግሊዝ የዓሣ አጥማጆች መንደር ወንድ ባሕር ይወጣል እንጂ ትል አይቆፍርም። ለመንጠቆ የሚሆነውን ትል ከአሸዋው ማውጣት የሚስት ሥራ ነው። ጄሚማም ከልጅነቷ ጀምራ ስትቆፍር ኖራለች። ባለፈው ሰኞ ግን በረዶ አዳልጧት ቀኝ እጇ ወለም አለ። ሳምንቱን ሙሉ ሲያገሳ የከረመው ባሕር ደግሞ ገና ዛሬ መርጋቱ ነው። ነገ ጀልባ ሁሉ ይወጣል። ትል ካልተገኘ ባሏ ራልፍ ደረቅ ላይ ቆሞ የሰው ጀልባ ሲሸኝ ሊውል ነው።

«ከጎረቤት ልለምን እንዴ?» አላት።

«የጎረቤት ትል ለጎረቤት መንጠቆ ነው። አሸዋው ሞልቶ ተርፎ ልመና ምን አመጣው? ይልቅ ባልዲውን ያዝ!»

ውሃው ሸሽቶ አሸዋው ሲገለጥ ወረዱ። እሷ እጇን በሻርፕ አንጠልጥላ ከፊት፣ እሱ የብረት መንሹን ተሸክሞ ከኋላ፣ ዳኛ ፊት እንደሚቀርብ ሌባ አንገቱን ደፍቶ።

ገና መንሹን ሳያሳርፍ፣ ከላይ ዳርቻው ላይ ጀልባውን ሲጠርግ የነበረው ዓሣ አጥማጁ ካዲ ጮኸ። «ራልፍ! ቀሚሱን የት ጣልከው?»

«አትስማው» አለች ጄሚማ። «ይኸውልህ፣ እንደ ገመድ የተጠቀለለ አሸዋ ታያለህ? የትሉ ጅራት እዚያ ጋ ነው። ጭንቅላቱ ደግሞ ይቺ ጎድጎድ ያለችው ጋ። መሃላቸውን ቆፍር።»

ራልፍ መሃሉን ትቶ ጥቅልሉን ወጋው። ትሉ ለሁለት ተበጠሰ። አንስቶ ባልዲ ውስጥ ሊጥለው ሲል እጁን መታ አደረገችው።

«የቆሰለውን ከደህናው ጋር? አንዱ ሁሉንም ይገድላቸዋል! ሰላሳ ዓመት ሙሉ እንዲህ ስሠራ አይተኸኛል?»

«መቼ አይቼሽ የኔ ማር፣ አንቺ ስትቆፍሪ እኔ ተኝቼ አይደል!»

ሳቋ አመለጣት። ሳቁ ግን ባልዲ አይሞላም። ውሃው መመለስ ሲጀምር የባልዲው ታች እንኳ አልተሸፈነም። ጄሚማ ታገሰች፣ ታገሰችና መንሹን በግራ እጇ ያዘችው።

«ኧረ እጅሽን!»

«በደህናው ነው። እኔ ልምራ፣ አንተ ገልብጥ።»

አንዱን መንሽ ለሁለት ያዙት። እሷ ቦታውን መርጣ በእግሯ ትጫናለች፣ እሱ ያነሳል። ትከሻቸው ይጋጫል፣ ይሰዳደባሉ፣ ትሉ ግን ሙሉውን ይወጣል።

«ቁፋሮ ነው ዳንስ?» አለ ካዲ።

«ሚስትህን ጥራና አንተም ደንስ!» አለው ራልፍ ቀና ብሎ።

ውሃው ጫማቸውን ሲነካ ባልዲው ገና ግማሽ ነበር። ጄሚማ አየችውና ከንፈሯን ነከሰች። «ለመንጠቆው ገመድ እኩሌታ እንጂ አይበቃም።»

«የገመዱን እኩሌታ ባሕር ላይ እጥላለሁ። ዋናው መውጣቴ ነው። ከባሕር ስመለስ ደግሞ አብረን እንወርዳለን።»

«ካዲ እያየ?»

«ይየን! ነይ አሁን፣ እግርሽ ረጠበ።»

እሷ ግን ጎንበስ ብላ ውሃው ሊበላው የደረሰ አንድ ጥቅልል እያየች ነበር። «ያንን ብቻ» አለች።

ራልፍ ባልዲውን አስቀመጠና መንሹን ዘረጋላት።