የካይዘር የመደብ ጀርባ

ትርንጎን ያንገፈገፋት ውሻውን መቀለቡ አልነበረም፤ የውሻውን ታሪክ መስማቱ ነው። ካይዘር ግሬት ዴን የሚባል የግዙፍ ውሻ ዘር ነው፤ ሲቆም የልደታን ሰማይ በጆሮው ይነካል፣ ጭራውን አንዴ ሲያወዛውዝ የአንድ ሠርግ ብርጭቆ ያረግፋል። ባሏ በድሉ ይሾፍርለት የነበረው ጀርመናዊ መሐንዲስ አብዮቱ ፈንድቶ ወዳገሩ ሲሄድ ትቶለት የሄደው ነው። ከዚያ ወዲህ ከጠመንጃ ያዥ ሰፈር እስከ ተክለ ሃይማኖት በድሉ ያላወራበት ጠጅ ቤት የለም። የዘሩ ስም የዴንማርክ ይላል እንጂ ትውልዱ ጀርመን ነው፤ አያቶቹ ለመሳፍንት ከርከሮ ያድኑ ነበር፤ ሌሊት ደግሞ በልዑላኑ መኝታ ቤት ምንጣፍ ላይ እየተኙ ጌቶቻቸውን ይጠብቁ ነበር፤ ካይዘር ማለትም ንጉሠ ነገሥት ማለት ነው።

ትርንጎ ስንቴ ለመነችው። በዚህ ዘመን ለውሻም ቢሆን ዘር አይቆጠርም አለችው። አልሰማትም።

ወሬው ቀበሌ ደረሰ። ቀበሌው በዚያ ሳምንት ውሾችን በመርዝ እያስወገደ ነበር፤ ሊቀመንበሩ ጓድ ኃይለመለኮት የእሁዱ ስብሰባ ላይ በድሉን ከነውሻው አስቀረበው። ሰፊው ሕዝብ ሥጋ አጥቶ የመሳፍንት ርዝራዥ ለምን ይቀለባል? ለምን ከሌሎቹ ጋር አይወገድም?

በድሉ ስልሳ ሰው በሚይዘው አዳራሽ፣ ሦስት ሺህ ሰው ፊት ተነሥቶ ዐይኑን ሳያሽ ታሪኩን ገለበጠው። አያቶቹ ከርከሮ ያደኑት ያለ ደመወዝ ነው፤ ሥጋውን መስፍኑ በላ፣ ለውሻው አጥንት ደረሰው። መኝታ ቤት ያሳደሯቸውም ነፍሰ ገዳይ ሲመጣ ቀድመው እንዲሞቱ ነው። ከዚህ የባሰ ጭቁን ከየት ይመጣል? አዳራሹ አጨበጨበ። ትርንጎ ዐይኗን ጨፈነች፤ ይሄ ሰውዬ እዚህ ላይ ቢቀመጥ ምን ነበር?

አልተቀመጠም። "እንዲያውም ጓድ ሊቀመንበር፣ አብዮት ጥበቃ ቢመደብ ብቻውን አንድ ሻምበል ጦር ይመልሳል።"

ይፈተን ተባለ። አንድ ጥበቃ ዱላ ይዞ ቢመጣበት ካይዘር ደንግጦ ወደ መድረኩ ሮጠ፤ እንደ ዘሩ ልማድ ሰው ላይ ሊደገፍ ፈለገና ሊቀመንበሩ ጭን ላይ በቂጡ ተቀመጠ፤ እፎይ ብሎም ተነፈሰ። ሊሥቅ የደፈረ የለም። ሊቀመንበሩ ከሥር ሆኖ፣ የማይጠብቅ ውሻ ምን ይሠራል፣ ነገውኑ ይወገድ አለ።

በድሉ ወደ ሚስቱ ዞረ። ውሻው ይሙትልኝ እያለች ስትሳል የኖረችው ትርንጎ ተነሣች።

"ጓድ ሊቀመንበር፣ ይሄ አካል እኮ የሠላሳ ውሻ መርዝ ይፈጃል። ሬሳውን የሚያነሣ የጭነት መኪናም ከቀበሌ ሊመደብ ነው። የዚህ ዘር ዕድሜ ስምንት ዓመት ነው፤ ሰባቱን ጨርሷል። እኛው ዘንድ ይሙት።"

መርዙን የሚያድለው ሰውዬ ጎንበስ ብሎ የቀረው አንድ ቆርቆሮ መርዝ ብቻ መሆኑን ለሊቀመንበሩ ሹክ አለው። ሊቀመንበሩ ጭኑ ደንዝዟል። በሞት እስኪለይ በእናንተ ኃላፊነት፣ አሁን ግን አንሡልኝ አለ።

መንገድ ላይ በድሉ ሚስቱን እንደ አዲስ ሰው ያያት ነበር።

"ካይዘር እኮ ገና አራት ዓመቱ ነው" አላት።

"ሂድና ይሄንንም ጠጅ ቤት አውራው" አለችው ትርንጎ፣ ውሻው ሲደገፍባት በክርኗ እየገፋችው።