የሚስተር ሆብደን ጠርሙስ

ጌታን ካገኘሁ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነው፤ ከዚያ ወዲህ መጠጥ በአፌ አልዞረም። አሠሪዬ ማቲ ግን ይህን እያወቀ፣ «እትዬ የሻረግ፣ አስተናጋጇ ሲክ ነኝ ብላ ቀርታለች፤ ለወይን ቀማሾቹ እርስዎ ይቅዱልኝ» አለኝ። ካሌዶኒያን ሮድ ያለው ምግብ ቤቱ ውስጥ ወጥ ሠሪ ነኝ እንጂ ቀጂ አይደለሁም። ቢሆንም የቸርቻችን ልጅ ነው፤ ሲለምን እምቢ ማለት አልችልበትም።

የመጡት ሦስት ወይን አምራቾች ናቸው፤ ሦስቱም ሳሴክስ ከሚባለው አውራጃ። አረፋ ያለው ነጭ ወይናቸውን ያስቀምሳሉ፤ አንዲት ገዢ ሴትዮ ደግሞ ለአሥራ ሁለት ሆቴሎች የሚሆን ትመርጣለች። የምትገዛው ወይን ዝርዝር የሚዘጋው ዛሬ ነው።

ሚስተር ሆብደን ቀድመው ደረሱ። ሰማንያ የሚጠጉ ሽማግሌ ናቸው። በከዘራ በባቡር ስለመጡ ከአንድ ጠርሙስ በላይ መያዝ አልቻሉም። ሻይ ሰጠኋቸውና ተጫወትን። ዛሬ ወይናቸው ካልታዘዘ መሬታቸውን ለትልቁ ጎረቤታቸው ሊሸጡ ነው። እሱ ከሠላሳ ገበሬ ፍሬ እየገዛ አንድ ላይ ያደባልቃል። «የእኔም እዚያ ውስጥ ገብታ ትጠፋለች» አሉኝ። አንጀቴን በሉት።

ጠረጴዛው ላይ በየሰዉ ፊት ሦስት ሦስት ብርጭቆ ተደረደረ። ከየጠርሙሱ ትንሽ ትንሽ ቀዳሁ። ከዚያ ወሬ ተጀመረ። አንዷ አምራች መሬቴ ሸክላ አፈር ነው አለች። ሚስተር ሆብደን የእሳቸው ከሥሩ ነጭ ኖራ እንደሆነ ነገሯት። ሦስተኛው ፍሬውን ዘግይቶ መልቀሙን አወራ። እኔ ግራ ገባኝ። አገሩ አንድ፣ ወይኑ አንድ ዓይነት፣ ዘመኑም አንድ፤ ታዲያ ምኑ ነው የሚለያየው? የሚያወሩት ሁሉ ቅንጦት መሰለኝ።

የእንግዳ ብርጭቆ ጎድሎ ማየት ደግሞ አልወድም። እናቴ ቤት እንግዳ ብርጭቆው ሳይሞላለት ከተቀመጠ ነውር ነው። ስለዚህ እነሱ ሲያወሩ እጄ ላይ በገባው ጠርሙስ ሁሉ እየዞርኩ ሞላሁ። የሚስተር ሆብደንን ግን ከሁሉም አብልጬ ቀዳሁ፤ ሰው ይወቅላቸው ብዬ።

ገዢዋ ሴትዮ ሦስተኛውን ብርጭቆ አንስታ ጠጣች። እንደገና ጠጣች።

«ይሄ ነው! የማን ነው?»

ማቲ የብርጭቆዎቹ ተራ የተጻፈበትን ወረቀት አየት አድርጎ፣ «የሚስተር ሆብደን» አለ።

ሽማግሌው ፊታቸው ጆሯቸው ሳይቀር ቀላ። እኔም ደስታዬ ወሰን አጣ፤ በልቤ ጌታን አመሰገንኩ። እሳቸው ግን «እስቲ» ብለው ብርጭቆዋን ተቀበሏትና ቀመሱ። ፊታቸው ወዲያው ጠቆረ።

«የእኔ አይደለም» አሉ።

ሁሉም ተያየ። ባለሸክላ አፈሯ አምራች ቀምሳ፣ «የእኔ አለበት» አለች። ሦስተኛውም ቀምሶ፣ «የእኔም አለበት» አለ። ማቲ ወረቀቱን ገለበጠው፣ መልሶ ገለበጠው። ከዚያ ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ።

«እትዬ፣ ሚክስ አደረጉት እንዴ?»

«ሲጎድል ሞላሁ» አልኩ። «ሁሉም ሳሴክስ አይደል?»

ሴትዮዋ ሳቀች። ትልልቆቹ አምራቾች ሆን ብለው የሚሠሩት ሥራ ነው፣ ዓመት ዓመት አንድ ዓይነት ጣዕም እንዲኖረው የብዙ ገበሬ ወይን ያዋህዳሉ አለች። ታዲያ ጥሩ ነገር ሠራሁ ወይስ አጠፋሁ? አሁንም አልገባኝም። ሚስተር ሆብደን ዝም ቢሉ ኖሮ ትእዛዙ የእሳቸው ነበር። ለምን ተናገሩ? ተናደድኩባቸው፤ ወዲያው ደግሞ በራሴ አፈርኩ።

«የሌለ ወይን ማዘዝ አልችልም» አለች ሴትዮዋ። «የሚስተር ሆብደንን ለብቻው ቅጂልኝ። ይህን ያሳመረው የእሳቸው ይመስለኛል፤ ከሆነ እወስደዋለሁ።»

ንጹሕ ብርጭቆ አቀረብኩ። የሌሎቹ ጠርሙሶች ገና እስከ ግማሽ ነበሩ። የእሳቸውን ሳነሳው ቀለለኝ። ደፋሁት። አንዲት ጠብታ ወረደች።

ሴትዮዋ ብርጭቆውን ይዛ ትጠብቃለች። ሚስተር ሆብደን እጄን ያያሉ። እኔም ጠርሙሱን እንደደፋሁት ቆምኩ።