በዐይኑ ዕ፣ በፀሐዩ ፀ

«ማእረግ የሚባል ሰው መዝገባችን ላይ የለም፤» አለች ገበያነሽ፣ የስኳር ካርዱን በባንኮኒው ላይ ወደ መምህሩ መልሳ እየገፋች።

መምህር ማዕረግ ቀልድ መስሎት ፈገግ አለ። ደባርቅ ከመጣ ሁለት ዓመቱ ነው፤ በቀበሌው ሱቅ በየወሩ ስኳሩን የምትሰፍርለት እሷው ናት።

«ጓድ ገበያነሽ፣ እኔ እኮ ነኝ!»

«እርስዎንማ አውቅዎታለሁ። ካርዱን ነው የማላውቀው። መዝገቡ ‹ማዕረግ› ይላል፣ በዐይኑ ዕ። ካርዱ ላይ ያለው ግን አልፋው እ ነው።»

ካርዱን የሞላው ራሱ መምህሩ ነው፣ በራሱ እጅና በራሱ ሕግ። መዝገቡ ደግሞ የተገለበጠው ከዝውውር ደብዳቤው ነው። ገበያነሽ ልዩነቱን ያየችው ባለፈው ወር ሲሆን ያኔ ስቃ አልፋዋለች። ዛሬ ሳቅ የለም።

የመምህር ማዕረግ ክፍል ሕግ የበዛበት ነበር። ደብተሩ በሰማያዊ ወረቀት ያልተለበጠ፣ ውጣ! ኅዳጉን በቀይ ያላሰመረ፣ ውጣ! እርሳሱ ከጣቱ ያጠረ፣ እሱም ውጣ! ወላጆች እያጉረመረሙም ቢሆን ሰማያዊውን ወረቀት ከጎንደር እያስመጡ ችለውት ኖሩ። ገበያነሽ ያልቻለችው «ለአንድ ድምፅ አንድ ፊደል» የሚለውን ነው። ልጇ ስሟን ዕፀገነት ብላ በጻፈች ቁጥር በቀይ ይሰርዝባታል። «እጸገነት» ብላ መቶ ጊዜ እንድትጽፍም አዘዛት። ጻፈች። ቁጭ ብሎ ቆጠረና ዘጠና ዘጠኝ ሆኖ ቢያገኘው ገጹን ቀድዶ እንደገና ከአንድ አስጀመራት። የስድስተኛ ክፍል ፈተና ቅጽ ሲሞላ ግን ልጅቷ እንቢ አለች፤ እዚያ ላይ የሰፈረ ስም ዕድሜ ልክ ይከተላል። አባረራት። ቅጹ የሚላከው ነገ ነው።

ስሙን ያወጡላት የገበያነሽ አባት፣ የደረስጌው መሪጌታ ወልደ ሩፋኤል ነበሩ። ሲሞቱ ለልጅ ልጃቸው ሌላ የተዉላት ነገር የለም።

ባሏ አለነ ሁለት ጊዜ ትምህርት ቤት ድረስ ሄዶ፣ ባርኔጣውን አውልቆ ለመነ። መምህሩ ቀና ብሎም አላየው። «ተይው በቃ፤ በአንዲት ፊደል ልጅቷ ከፈተና ከምትቀር፤» ብሏት ነበር አለነ ጠዋት። ገበያነሽ ግን የሱቁን ቁልፍ ይዛ ወጣች።

«ባለቤቴ አራስ ናት፤» አለ መምህሩ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ለአጥሚቷ ስኳር የለም። ዛሬ ደግሞ የወሩ መጨረሻ ነው።»

«እግዜር ያሳድግላችሁ።»

«ድምፁ እኮ አንድ ነው፣ ጓድ!»

«አንድ ከሆነ ልጄን ከክፍል ያስወጣት ምንድን ነው?»

ከኋላው የተሰለፉት አቶ ድረስ ከት ብለው ሳቁ። «ኧረ ይመልሱላት፣ መምህር!» አሉ። የመምህሩ ጆሮ ቀላ።

«እሺ፣ ምን ላድርግ?»

«መጀመሪያ ቅጹን።»

ቅጾቹ ቦርሳው ውስጥ ነበሩ። ዕፀገነትን ከጓዳ ጠራቻት። ልጅቷ ስሟን በአያቷ ፊደል ጻፈች፤ መምህሩም ፈረመበት። ነገሩ እዚህ ላይ ሊያበቃ ይችል ነበር። ገበያነሽ ግን የልጇን ያበጠ ጣት አየችና ንዴቷ እንደገና ተነሣ። አንድ ነጭ ወረቀት ከፊቱ አኖረች።

«አሁን ደግሞ የልጄን ስም ይጻፉልኝ። በዐይኑ ዕ፣ በፀሐዩ ፀ። መቶ ጊዜ።»

«በሰው ፊት?»

«እሷስ በማን ፊት ጻፈች?»

መምህሩ በሩን አየ፤ ካርዱን አየ። ከዚያ በባዶ የስኳር ጆንያ ላይ ተቀምጦ መጻፍ ጀመረ። ሰልፈኛው ስኳሩን እያስሰፈረ ሲሄድ እያንዳንዱ ጎንበስ ብሎ ያነብለታል። ገበያነሽ ደስ አላት። በቀል ይህን ያህል እንደሚጣፍጥ አታውቅም ነበር፤ ስኳሩን ሁሉ ሆን ብላ ቀስ እያለች ነበር የምትመዝነው።

ጨርሶ ሲሰጣት በጣቷ እየተከተለች ቆጠረች። ሁለተኛም ቆጠረች።

«ዘጠና ዘጠኝ ነው።»

መምህሩ ራሱ ሊቆጥረው እጁን ዘረጋ።

«እማዬ፣ በቃ፤» አለች ዕፀገነት በሹክሹክታ።

ገበያነሽ የመምህሩን ስኳር ሳታጎድል መዝና በጨርቅ ቋጠረችና ለልጇ ሰጠቻት።

«ይህን ለእትዬ አገርነሽ አድርሺ። አራሷ ምን በደለች?»

ካርዱን ግን መሳቢያ ውስጥ ከትታ ቆለፈችበት። የተጻፈውን ወረቀት ልትቀድደው አነሣችው፤ የልጇ ስም ሆነባትና እጇ እንቢ አላት። አጥፋ ደረቷ ውስጥ ከተተችው። ከዚያ ሌላ ነጭ ወረቀት አወጣች።

«ከአንድ ይጀምሩ፤» አለችው።