ውዳሴ በር የማትከፍትበት ሰዓት

መርዶ የሚነገረው በማለዳ ነው፤ ይህን ውዳሴም ታውቃለች። ስለዚህ ልጇ ኢያቄም ወደ ሰሜን ከዘመተ ጀምሮ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት በፊት በሯን ለማንም አትከፍትም። ጦርነቱ ካበቃ ሦስት ዓመት ሆኖታል፣ እሷ ግን ያው ናት። እግዜር ራሱ ቢያንኳኳ «ቆይተህ ተመለስ» ትለዋለች።

የልጁ ሞት ለእድሩ ዳኛ ለመኩሪያ ከደረሰው ወር አለፈው። ለቡ መብራት ኃይል ሰፈር ውስጥ ሃያ ሁለት ዓመት መርዶ ያረዳ ሰው ነው። ሽማግሌዎቹን አስከትሎ አራት ጊዜ በማለዳ ሄደ፤ አራት ጊዜ ከውሻዋ ጋር ተፋጦ ተመለሰ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ በቀን ይነገራት ቢል፣ «መርዶ እኮ ነው፣ የውሃ ቢል ነው በቀን የሚታደለው?» ብሎ አሳፈረው።

ሲቸግረው የውዳሴን የአጥር ጎረቤት ሚካልን ለመናት፤ ለሷ መቼም ትከፍታለች። ሚካል ልብስ እያሰጣች ሰማችው።

«ጋሼ፣ ወንድሜ ሲሞት ድንኳን ብጠይቅዎ ምን አሉኝ?»

መኩሪያ ያለውን አልረሳም። ወንድሟ የሞተው በወዲያኛው ወገን ተሰልፎ ነበር። «የሞት ማስረጃ አምጪ» ነበር ያላት። በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ ሐዘንተኛን ወረቀት የጠየቀው ያን ቀን ብቻ ነው። አፈረ፤ ማፈርም ይገባው ነበር።

«መጀመሪያ የኔን አልቅሱልኝ» አለች። «ከዚያ እሄድልዎታለሁ።»

ቅዳሜ ማለዳ ጡሩምባ ነፊው የሚካልን ቤት ጠርቶ አለፈ፤ ድንኳኑም ደጇ ላይ ተተከለ። ለዘገየ ለቅሶ ማን ይመጣል ተብሎ ነበር። ከእድር የቀረ ይቀጣልና ሰፈሩ መጣ።

አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ የውዳሴ በር ተከፈተ። የጎረቤት ለቅሶ አይቀርም፤ ነጠላዋን አዘቅዝቃ መጣች። ሚካልን አቅፋ ደረቷን እየደቃች አለቀሰች። ቀና ስትል ሽማግሌዎቹ ሁሉ ጫማቸውን ያያሉ።

«መኩሪያ» አለችው፣ «አራት ቀን ደጄ ቆመህ ስትስል ሰምቼሃለሁ። እንግዲህ ድንኳኑ ሳይነሳ የኔንም ንገረኝ።»

መኩሪያ ወደ ሚካል ዞረ።

«ኢያቄም አርፏል፣ እትዬ» አለቻት ሚካል፣ እንዳቀፈቻት።